የቦምብ አውሮፕላን፣ ጨራጨራ እና የእማዬ ፋብሪካ

ጨራጨራን ፎቶ ለማንሳት ጥሩው ሰዓት ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ሰዓት። ከዛ ካለፈ ብርሃኑ አናት ላይ ይሆንና ውሃው ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጣና ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይረበሻል፣ ከላይ የተኛ ውሃ ከታች የሚገነፍል ውሃ በአንድ ፍሬም ማግኘት ያቅታል። ለማታውቁት፣ ጨራጨራ ማለት አባይ ከጣና ሲወጣ እዚሁ ባህር ዳር አፍንጫ ስር ያለው የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ነው። ትልቅ አይደለም። ህዳሴን በአእምሮው ይዞ የመጣ እንግዳ ሲያየው "ይቺ ናት?" ነው የሚለው። ግን ይቺ ዝቅ ያለች ግንብ ከነበሮቿ ናት የጣናን ከፍታ የምትይዘው፣ የጢስ አባይንም ፏፏቴ ዕጣ ፈንታ የወሰነችው እሷ ናት፣ እዚህ ከተማ ተወልደው አድገው አንድም ቀን ቆመው አይተዋት የማያውቁ ጓደኞች አሉኝ።

እኔ ፎቶ ማንሳት የምወደው ሁለት ነገር ነው፣ የድሮ የጦር አውሮፕላንና ውሃ። ሰዎች ሁለቱ ምን ያገናኛቸዋል ይሉኛል። ለኔ በጣም ይገናኛሉ፣ በተለይ ለባህር ዳር ልጅ። ዛሬ እሱን ነው የምጽፈው፣ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹን ዓ.ም ካላልኩ በፈረንጆቹ ነው።)

ከሮም ልጀምር። የአክስቴ ልጅ እዛ ነው የምትኖረው፣ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቅኳት ቪኛ ዲ ቫሌ ውሰጂኝ ብዬ ነው። ቪኛ ዲ ቫሌ የጣልያን አየር ኃይል ታሪክ ሙዚየም ያለበት ቦታ ነው፣ ከሮም ወደ ቪቴርቦ በሚሄደው ባቡር ይኬዳል፣ ሙዚየሙ ያለው ደግሞ ብራቻኖ የሚባል ሐይቅ ዳር ላይ ነው። ቦታው ከ1904 ጀምሮ የበረራ ሙከራ ይደረግበት የነበረ፣ በኋላም ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ጣቢያ የሆነ ነው፣ ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው በ1977 ነው። ሐይቁ ከጣና ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ወደ 57 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የኛው ከ3000 በላይ ነው። ግን ብራቻኖ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ስለሆነ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር ያልፋል፣ ጣና ደግሞ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው ራሱ 15 ሜትር አይሞላም። ይሄ ፎቶ ላይ በደንብ ይታያል፣ ብራቻኖ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ጣና ግን ጥልቀት ስለሌለውና ከክረምት በኋላ ጭቃ ስለሚይዝ አንዳንዴ ብርማ አንዳንዴ ቡናማ ነው። የጣናን ውሃ በኤዲቲንግ ሰማያዊ የሚያደርጉ ልጆች አሉ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ቀለሙ ያው ነው፣ ቡናማው ከደጋው ተጠርጎ የመጣው አፈር ነው፣ እሱን ማጥፋት ታሪኩን ማጥፋት ነው።

ወደ ሙዚየሙ። ውስጡ ሰፋፊ ሃንጋሮች ናቸው፣ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ማኪ 72 የሚባለው ቀዩ የእሽቅድምድም አውሮፕላን ነው፣ እግሩ ጎማ ሳይሆን ሁለት ረጃጅም ተንሳፋፊዎች፣ አፍንጫው ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ፕሮፔለሮች። በ1934 በሰዓት 709 ኪሎ ሜትር በሯል፣ በፒስተን ሞተር ውሃ ላይ ከሚያርፉት ውስጥ እስከዛሬ ሪከርዱን የወሰደበት የለም። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው የሚያምረው። ብረቱ ላይ ያለው ኩርባ፣ ቀይ ቀለሙ ላይ ከመስኮት የሚያርፈው ብርሃን፣ የሰራው ሰው እጅ ይታያችኋል። ከሱ አለፍ ስትሉ ደግሞ ሳቮያ ማርኬቲ 79 አለ፣ ሶስት ሞተር ያለው ጀርባው ላይ ጉብታ ያለበት ቦምብ ጣይ፣ ካንት 506 የሚባለው ትልቁ የባህር አውሮፕላን አለ፣ ፊያት ሲአር 42 አለ፣ ባለ ድርብ ክንፉ ተዋጊ።

ቴክኒኩን ለሚፈልግ ሰው፣ ሃንጋር ውስጥ ሰፊ ሌንስ አጓጊ ነው ግን ያታልላል፣ ቀርባችሁ በ16 ወይ በ20 ሚሊሜትር ካነሳችሁት አፍንጫው ይነፋና ጅራቱ ይጠፋል፣ አውሮፕላኑ ያልሆነውን ነው የሚመስለው። ቦታ ካለ ወደኋላ ሄዳችሁ በ50 አንሱት፣ መጠኑ ልክ ይመጣል። ብርሃኑ የተቀላቀለ ነው፣ ከመስኮት የሚገባው ቀዝቃዛ ከጣሪያ ያለው መብራት ቢጫ፣ ስለዚህ በሮው (ካሜራው ሳያስተካክለው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንስታችሁ ቤት ውስጥ ማስተካከል ነው፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600ም 3200ም ብትሄዱ አትፍሩ። ሌላው ደግሞ፣ ይሄን አጥብቄ ነው የምናገረው፣ ሰው ከፍሬሙ እስኪወጣ አትጠብቁ። አብዛኛው የአውሮፕላን ፎቶ አንሺ ሰው ሲገባበት ይናደዳል። እኔ እንዲገባ ነው የምጠብቀው። ከአንድ ቦምብ ጣይ ሆድ ስር አንዲት ሴትዮ ከልጇ ጋር ቆማ ስታዩ ነው ያ ነገር ምን ያህል እንደሆነ፣ ከላይ ሲመጣ ደግሞ ምን እንደሚመስል የሚገባችሁ።

የአክስቴ ልጅ ሲአር 42 ፊት ቆማ ብዙ ጊዜ አየችውና "አባባ ጫካ የገቡት ይሄን ሸሽተው ነው?" አለችኝ። አባባ የሁለታችንም አያት ናቸው፣ በልጅነታቸው ከብት ጠባቂ ሆነው የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ከብቱን ጥለው ዛፍ ስር እንዴት እንደሚገቡ ሲያወሩን ነው ያደግነው። በወረራው ጊዜ የመጡት ሌሎች ናቸው አልኳት፣ በ1935 እና 36 ሰማያችን ላይ የነበሩት በብዛት ካፕሮኒ 101፣ 111 እና 133 የሚባሉት ነበሩ፣ ከነሱም ቦምብ ብቻ ሳይሆን የመርዝ ጋዝ ነው የወረደው። የሙሶሎኒ ልጆችም ሳይቀሩ አብራሪ ሆነው መጥተው ነበር። ደሴ ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም ስትደበደብ የአሜሪካኖች ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመቷል፣ ጃንሆይ ራሳቸው የፀረ አውሮፕላን መትረየስ ላይ ሆነው የተነሱት ፎቶ ዓለምን የዞረው ከዛ ነው። ያ ፎቶ ለኔ ትልቅ ትምህርት ነው፣ ምክንያቱም አውሮፕላኑ የለበትም፣ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ነው ያለበት፣ ግን ከአንድ ሺህ የአውሮፕላን ፎቶ በላይ ስለ አውሮፕላን ይናገራል።

ሲአር 42 ግን ከኛ ሐይቅ ብዙም ሩቅ ያልሆነ ታሪክ አለው። በ1941 ጣልያን ሌላው ቦታ ሁሉ ተሸንፎ ጎንደር ላይ ተከቦ ሲቀር፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ላይ ተመትቶ የወደቀው የመጨረሻው አውሮፕላኑ ሲአር 42 ነበር፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 24፣ ጎንደር አካባቢ ግላዲያተር በሚባል የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ተዋጊ ተመትቶ ወደቀ፣ አብራሪውም እዛው ሞተ። ሁለቱም ባለ ድርብ ክንፍ። ዓለም ወደ አንድ ክንፍና ወደ ጄት እየሄደ እያለ እኛ ጋ ገና የድርብ ክንፎች ውጊያ ነበር። ከወር በኋላ ኖቬምበር 27 ጎንደር እጁን ሰጠ። እኔ ጎንደር በመኪና ስሄድ አዘዞ ጋ ስደርስ ሁሌ ወደ ሰማይ አያለሁ፣ ምንም የለም፣ ግን አያለሁ።

እና "ፀሐይ"! ስለሷ ሳልጽፍ አላልፍም። በ1935 አዲስ አበባ ላይ በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበርና በኛ ሰዎች እጅ ተሰርታ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው ትንሽዬ አውሮፕላን፣ ጣልያን ወስዷት ለስንት አስርት ዓመታት እዛው ቪኛ ዲ ቫሌ ነበረች። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም ተመለሰች። እኔ የሄድኩት ከተመለሰች በኋላ ስለሆነ እዛ አላገኘኋትም፣ ደስ ብሎኝ ነው ያላገኘኋት።

እሺ፣ ግድቡስ?

አውሮፕላንና ግድብ ሲባል መቼም ዓለም ላይ በጣም የታወቀው ፎቶ የጀርመኑ የሞኸነ ግድብ ነው። በ1943 በፈረንጅ ሜይ 16 ለ17 አጥቢያ ላንካስተር የሚባሉ 19 የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ውሃ ላይ እየነጠረ የሚሄድ ቦምብ ይዘው ሄዱና ሞኸነንና ኤደርን ሰበሩ። አብራሪዎቹ ማታ በ18 ሜትር ከፍታ ብቻ ነበር ሚበሩት፣ ከፍታቸውን የሚያውቁት ሆዳቸው ስር በተገጠሙ ሁለት መብራቶች ነው፣ ብርሃኖቹ ውሃው ላይ ሲገናኙ ልኩ ላይ ደርሰዋል ማለት ነው። 8 አውሮፕላን አልተመለሰም፣ 53 ሰው ሞተ። ጠዋት ላይ ስፒትፋየር የሚባል አንድ የእንግሊዝ የስለላ አውሮፕላን ከፍ ብሎ በርሮ የተሰበረውን ግድብ ፎቶ አነሳ፣ መሃሉ ላይ ክፍተት፣ በክፍተቱ የሚፈስ ውሃ። እንደ ፎቶ ፍፁም ነው፣ መስመሩም ጥላውም። ግን ከዛ ከፍታ ሰው አይታይም። ከስር በጎርፉ ከ1000 በላይ ሰው አልቋል፣ ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ በግድ ለሥራ ተይዘው የመጡ ከምሥራቅ አውሮፓ የሆኑ ሴቶች ነበሩ። ያ ፎቶ ላይ አንዳቸውም የሉም።

የኔ ሐሳብ ይሄው ነው። የጦር አውሮፕላን ስታነሱ ማን ላይ እንደበረረ፣ ግድብ ስታነሱ ውሃው ከማን ወደ ማን እንደሄደ በሆነ መንገድ ካልገባበት፣ ወይ በፎቶው ወይ ከስሩ በምትጽፉት፣ ያነሳችሁት ብረትና ሲሚንቶ ነው። ቆንጆ ሊሆን ይችላል፣ እኔም ቆንጆ ብረት እወዳለሁ፣ ግን ግማሽ ነው።

አሁን የእማዬን ነገር ላምጣ። እማዬ ወጣትነቷን ያሳለፈችው የባህር ዳር ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ፈትል ክፍል። ልጅ ሆነን ከሥራ ስትመጣ ፀጉሯ ላይ ጥጥ እንለቅም ነበር። ከሮም ያመጣኋቸውን ፎቶዎች በላፕቶፕ ሳሳያት ሳቮያው ላይ ስትደርስ ቁም አለችኝና መነፅሯን አደረገች። ዝም ብላ አየችውና "እና የኛን ፋብሪካ ያሰሩት በዚህ ዕዳ ነዋ" አለች። እኔ ይሄን አገናኝቼ አላውቅም ነበር፣ ስለ ጦር ካሳው አንብቤያለሁ፣ ፋብሪካውንም አውቃለሁ፣ አውሮፕላኑንም አውቃለሁ፣ ሶስቱን በአንድ አረፍተ ነገር ያስቀመጠችልኝ ግን እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1947 ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ። ለወደመው መንደር፣ ለተቃጠለው ቤተክርስቲያን፣ ለሞተው ሰው 25 ሚሊዮን! ያውም ዓመታት ፈጅቶ፣ ተደራድሮ፣ ተቀንሶ። ከዛ ካሳ ውስጥ ከወጡት ሁለቱን ዛሬም ሄዳችሁ በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ አንደኛው አዋሽ ላይ ያለው በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ ነው (ኮካም ይሉታል)፣ ሁለተኛው በ1961 ሥራ የጀመረው የባህር ዳር ጨርቃጨርቅ። ማለት ባህር ዳር ዛሬ ያለችውን ከተማ መሆን ስትጀምር አንዱ እግሯ የቆመው በዛ ፋብሪካ ላይ ነው፣ ከየገጠሩ መጥቶ ደመወዝተኛ የሆነው ሰው፣ የተከራየው ቤት፣ የተከፈተው ሻይ ቤት። ያ ሁሉ ከሰማይ በወረደ እሳት ዕዳ። ከዛ በኋላ ነው አውሮፕላንና ግድብን ጎን ለጎን አድርጌ ማየት የጀመርኩት።

ቆቃን ያነሳሁት ወደ ቢሾፍቱ በሄድኩበት ጉዞ ነው። ቢሾፍቱ መቼም የአየር ኃይላችን ቤት ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ በ1940ዎቹ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መጥቶ ያቋቋመው፣ ሳብ 17 የሚባሉ የስዊድን አውሮፕላኖች የመጡበት፣ ከዛ ፋየርፍላይ፣ ከዛ የአሜሪካኖቹ ኤፍ 86 እና ኤፍ 5። ፎን ሮዘን የሚገርም ሰው ነው፣ በወረራው ጊዜ ለቀይ መስቀል ቁስለኛ ሲያመላልስ የነበረ ነው፣ በመጨረሻም በ1977 ጎዴ ላይ በሶማሌ ጦርነት ሞተ። ስለ ቢሾፍቱ ራሱን ችሎ መጻፍ ስለሚገባው ዛሬ አልገባበትም። ቆቃ ግን በቴሌ ሌንስ ከሩቅ አንሱት፣ 70-300 በቂ ነው፣ ከግድቡ ይልቅ ሐይቁ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጡትን ገበሬዎች ከግድቡ ጋር በአንድ ፍሬም ለማምጣት ሞክሩ፣ ቴሌው ርቀቱን ስለሚጨምቀው ሁለቱ የተጠጋጉ ይመስላሉ።

ወደ ቤታችን ወደ ጨራጨራ እንመለስ። ጣናን መገደብ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1902 እንግሊዝ ከአፄ ምኒልክ ጋር ስትዋዋል ጣና ላይና አባይ ላይ ውሃውን የሚያቆም ነገር ያለ ስምምነት እንዳይሰራ አስገብታበታለች፣ ሱዳንና ግብፅ ላይ ላለው ጥጥ ብላ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ለአሜሪካኑ ጄ ጂ ዋይት ኩባንያ ግድቡን እንዲያጠና ሰጡት፣ መሐንዲሶች መጥተው ጣናን ለኩ፣ ከዛ ያ ጦርነት መጣና ሁሉም ቀረ። አውሮፕላኖቹ ባይመጡ ኖሮ ምናልባት ጣና ላይ ግድብ ከአያቶቻችን ጊዜ ጀምሮ ይኖር ነበር፣ ጥሩ ይሁን መጥፎ እንጃ፣ ብቻ ሳስበው ያስገርመኛል።

የተሰራው በ1996 ነው፣ መጀመሪያ ሁለት በሮች ብቻ ነበሩት፣ በ2001 አምስት ተጨመሩለትና ሰባት ሆኑ። ሥራው የክረምቱን ውሃ ሐይቁ ውስጥ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ መልቀቅ ነው፣ ታች ጢስ አባይ ላይ ላሉት ማመንጫዎች። አንደኛው ማመንጫ ከ1964 ጀምሮ ያለ ነው፣ 11.4 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው በ2001 የገባው 73 ሜጋ ዋት ነው። ጨራጨራ ጣናን ከባህር ወለል በላይ ከ1784 እስከ 1787 ሜትር ባለው ሶስት ሜትር ውስጥ ነው የሚያጫውተው፣ ሶስት ሜትር ብቻ፣ ግን ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ እዛች ሶስት ሜትር ውስጥ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ አለ።

ይሄ ሁሉ ቁጥር ፎቶ ላይ ምን ይመስላል? የድሮዋን አንድ ብር አስታውሱ፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን ጢስ አባይ፣ ጠርዙን ሞልቶ የሚወርደውን። አሁን በበጋ ሂዱና ከዛው ቦታ አንሱ። ገደሉ ደረቅ ነው፣ ጥግ ላይ የምትወርድ ክር ናት ያለችው፣ ጭሱም የለም። ውሃው በቦይ ወደ ተርባይን ገብቷል። ይሄ ፎቶ ያማል፣ ግን መነሳት አለበት፣ ከመብራቱ ጋር ነው መነሳት ያለበት። እኔ ጢስ አባይ ከተማ ውስጥ ማታ አምፖል በርቶባት ኢንጀራ የምትጋግር እናት አስፈቅጄ አንስቻለሁ፣ ከደረቁ ገደል ጎን ነው የማስቀምጣት። የትኛው ትክክል ነው አልልም፣ ሁለቱም አንድ ውሃ ናቸው። ፏፏቴውን ሞልቶ ማየት የሚፈልግ ነሐሴና መስከረም ይምጣ፣ ያኔ ማንም አያቆመውም።

2003ን ደግሞ የጣና ሰው አይረሳትም። ዝናቡም አነሰ፣ ለመብራት የሚለቀቀውም በዛ፣ ሐይቁ ተመዝግቦ በሚታወቀው ታሪኩ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ወረደ፣ ጀልባና መርከብ ወደብ መጠጋት አቃተው፣ ዳር ዳር ያለው ደንገል ደረቀ፣ ውሃው የሸሸበት መሬት ላይ ሰው አረሰ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ሌላ በር ተከፍቷል፣ ጣና በለስ፣ በሐይቁ ምዕራብ በኩል በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ውሃውን ወደ በለስ ወንዝ የሚልክ፣ 460 ሜጋ ዋት። ስለዚህ ጨራጨራን ብቻ አንስቶ "የጣና ግድብ" ማለት ከእንግዲህ አይሆንም፣ የጣና ውሃ ብዙው የሚወጣው ከተማችን በማያየው በር ነው።

ጨራጨራ ላይ ፎቶ ስታነሱ መጀመሪያ ጥበቃዎቹን ሰላም ብላችሁ አስፈቅዱ፣ ግድብ ነው፣ ሳትጠይቁ ካሜራ ማውጣት ለናንተም ለነሱም ጥሩ አይደለም። እኔን የት ቆሜ ማንሳት እንደምችል ራሳቸው ነው ያሳዩኝ፣ አንደኛው አባት እንደውም "በዚህ በኩል ብታነሳው በሩ ሁሉም ይገባልሃል" ብለው ከኔ የተሻለ ቦታ መረጡልኝ፣ ልክ ነበሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስቡት፣ ኤርፖርቱ አካባቢም ካሜራ አይወጣም፣ ቤዛዊትም ስትወጡ ቤተ መንግሥቱን ሳይሆን ቁልቁል አባይን ነው የምታነሱት፣ ከዛ ላይ ወንዙ ከነጠመዝማዛው ይታያል፣ በጣም ያምራል። ሻተሩን በተመለከተ፣ ሁሉም ሰው ውሃን በዘገምተኛ ሻተር አንስቶ ጥጥ ማስመሰል ይወዳል። የጨራጨራን ውሃ እንደዛ አታድርጉት። በ1/1000 አንሱት፣ ጠብታው ይቁም፣ ከበሩ ስር ሲወጣ ያለው ጉልበት ይታይ። በዘገምተኛ የሚያምረው ከላይ ያለው የሐይቁ ፊት ነው፣ እሱም ፔሊካኖቹ ዝም ካሉላችሁ።

ከግድቡ ወረድ ብሎ ታንኳ ላይ ያገኘሁት አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ በኔ ዕድሜ ያለ ልጅ፣ መረቡን እየለቀመ "በሩን ሲዘጉት ድንጋዩ ይወጣል ቆሮሶው ኩሬ ውስጥ ይቀርልናል፣ በእጅ ትለቅመዋለህ፣ ግን ለነገ የሚሆነው አይኖርም" አለኝ። ከዛ ደግሞ "ሲለቁት አይነግሩንም፣ በድምፁ ነው የምናውቀው" አለ። እሱን ነው ያነሳሁት፣ ታንኳው ከፊት፣ ከኋላው ሰባቱም በሮች ደብዘዝ ብለው፣ አፐርቸር 4 ላይ። ከአውሮፕላኑም ከግድቡም ፎቶዎቼ ሁሉ አሁን የምወደው ይሄን ነው፣ እማዬም አሳትመህ ሳሎን ስቀልልኝ ብላኛለች፣ ከሳቮያው ጋር ጎን ለጎን። ሳቮያውን ሳሎን መስቀል ለምን እንደፈለገች ስጠይቃት "ማን እንደከፈለ ይታወቅ" ነው ያለችኝ።

አሁን የምፈልገው ሌላ ነገር አለ፣ ለሱ የናንተ እገዛ ያስፈልገኛል። ከጦር አውሮፕላኖች ሁሉ ለኛ ሕዝብ መልካም ሆኖ የኖረው ሲ 47 ነው፣ ዳኮታ፣ ዲሲ 3 የምንለው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ትርፍ የሆኑት ተገዝተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራ የጀመረው በነሱ ነው፣ የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ። ወታደርና ጥይት ሊጭን የተሰራው ሆዱ ቡና፣ ፖስታ፣ ታማሚና ቱሪስት ጭኖ ለስንት ዓመት ባህር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላን፣ አክሱምን ያመላልስ ነበር። ባህር ዳር ሲያርፍ የሚያሳይ ፎቶ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ቤታችሁ ውስጥ የቆየ አልበም ካለ፣ አባታችሁ ወይ እናታችሁ አውሮፕላን ስር ቆመው የተነሱት፣ ወይ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው የተመረቀ ሰሞን የተነሳ ነገር ካለ፣ ስካን አድርጌ ዋናውን እመልሳለሁ፣ ከጀርባው የተጻፈ ነገር ካለም እሱንም አንሱልኝ፣ ብዙ ጊዜ ስምና ቀን ያለው ጀርባው ላይ ነው።